ጠቅላላ ፍላጎትና ጠቅላላ አቅርቦት ምንድን ናቸው?

የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ታክሲዎች ሥራ አቆሙ። ምክንያቱ የቤንዚን ዋጋ ነበር፤ በአንድ ጊዜ 50 በመቶ ተጨምሮበት። መምህራንም በዚያው ሰሞን አድመው ስለነበር ከተማው ተናወጠ፣ ከዚያ በኋላ የመጣውን አብዮት ሁሉም ያውቀዋል። እኔ ዛሬ ማንሳት የፈለግሁት ግን አብዮቱን ሳይሆን ቤንዚኑን ነው። ለምን ተወደደ? አዲስ አበባ ውስጥ በድንገት መኪና ስለበዛ አይደለም። ከአራት ወር በፊት፣ በእስራኤልና በአረብ አገሮች መካከል በተደረገው የጥቅምቱ ጦርነት የተነሳ የአረብ ነዳጅ አምራች አገሮች ምርታቸውን ቀንሰው ለአሜሪካና ለጥቂት ሌሎች አገሮች መሸጥ አቁመው ነበር። 3 ዶላር ገደማ የነበረው አንድ በርሜል በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ 12 ዶላር ተጠጋ።

ኑሮ የሚወደድበት አንዱ መንገድ ይህ ነው፦ ዕቃው ሲያንስ ወይም ማምረቻው ሲወደድ። ሌላው መንገድ ደግሞ ገዢው ብር ይዞ ሲበዛ ነው። ገበያ ላይ ቆሞ ለሚያይ ሰው ሁለቱም ያው «ዋጋ ጨመረ» ናቸው። መድኃኒታቸው ግን አንድ አይደለም፤ እንዲያውም የአንዱ መድኃኒት ሌላውን ሊያብስ ይችላል። ጠቅላላ ፍላጎትና ጠቅላላ አቅርቦት የሚባሉትን ሐሳቦች የምወዳቸውም ይህን እንድንለይ ስለሚያደርጉ ነው።

ጠቅላላ ፍላጎት፣ ኮሌጅ የገባ ሰው «አግሪጌት ዲማንድ» ሲባል የሰማው፣ በአገር ውስጥ የተመረተን ዕቃና አገልግሎት ለመግዛት የሚወጣው ወጪ ሁሉ ድምር ነው። ቤተሰብ አስቤዛ ሲገዛ፣ ድርጅት ማሽን ሲያስገባ ወይም ሕንፃ ሲያቆም፣ መንግሥት መንገድ ሲሠራና ሠራተኛ ሲቀጥር፣ የውጭ አገር ሰው ቡናችንን ሲገዛ። ከዚህ ላይ እኛ ከውጭ የምናስገባው ይቀነሳል፣ ምክንያቱም ከቻይና የመጣ ስልክ ስንገዛ ሥራ የሚያገኘው እዚያ ያለው ፋብሪካ ነው። «ፍላጎት» የሚለው ቃል ትንሽ ያሳስታል። መኪና የማይመኝ ሰው የለም፤ እዚህ የሚቆጠረው ግን ብር ይዞ የመጣው ፍላጎት ብቻ ነው።

ጠቅላላ አቅርቦት ደግሞ የአገሪቱ ገበሬ፣ ፋብሪካ፣ ሱቅና ሆቴል ሁሉ ተደምሮ ባለው ዋጋ አምርቶ ሊያቀርብ የሚችለውና የሚፈልገው ነው። ይህን የሚወስኑት ጉልበት፣ መሬት፣ ማሽን፣ መብራት፣ ማዳበሪያ፣ ነዳጅ፣ መንገድና ሰላም ናቸው። ሰላምን ሆን ብዬ ነው የጨመርኩት። መንገድ ከተዘጋ ጎተራ ሙሉ ጤፍ ቢኖርም ለከተማው ሰው እንደሌለ ነው።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ነገር አለ። ጠቅላላ ፍላጎትን የሽንኩርት ፍላጎት ተባዝቶ አድርጎ ያየዋል። ሽንኩርት ቢወደድ ሰው ይቀንስና ወደ ሌላ ይዞራል፤ ይህ ግልጽ ነው። ሁሉም ነገር አንድ ላይ ቢወደድስ? የሚዞርበት የለም! ታዲያ የዋጋ ደረጃ ሲጨምር አገሪቱ የምትገዛው መጠን ለምን ይቀንሳል? አንደኛ፣ ቁጠባ ደብተር ላይ ያለው ብር የሚገዛው ነገር ያንሳል፤ ሰው ሳይሰረቅ ይደኸያል። ሁለተኛ፣ ለዚያው አስቤዛ ብዙ ብር ስለሚያስፈልግ ብር ይፈለጋል፣ ወለድ ይጨምራል፣ ቤት ሊሠራ ያሰበ ሰው ይተወዋል። ሦስተኛ፣ የእኛ ዕቃ ከውጭው አንጻር ይወደድና ገዢ ይሸሸዋል። ምክንያቱ ከሽንኩርቱ በጣም የተለየ ነው።

ሁለቱ ሲገናኙ ምን እንደሚሆን በእንጀራ ላሳያችሁ። ሦስት የኤሌክትሪክ ምጣድ ያላት ጋጋሪ አለች እንበል፤ ገበያ ስለሌለ የምትጠቀመው በሁለቱ ነው። ትዕዛዝ ሲበዛ ምን ታደርጋለች? ሦስተኛውን ምጣድ ታበራለች፣ አንዲት ልጅ ትቀጥራለች፣ ዋጋ ብዙም አትነካም። ፍላጎት ሥራ ፈጠረ ማለት ነው። ሦስቱም ምጣድ ከጠዋት እስከ ማታ እየሠራ ትዕዛዙ ቢቀጥልስ? ያኔ የምትጨምረው ዋጋ ነው፤ ሌላ የምትጨምረው የላትም። አሁን ደግሞ ትዕዛዙ ሳይለወጥ መብራት በቀን ለስድስት ሰዓት መጥፋት ጀመረ፣ ወይም ጤፍ በኩንታል ተወደደ እንበል። እንጀራው ያንሳል፣ ዋጋውም ይጨምራል፣ ልጅቷም ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ኢኮኖሚስቶች «የአቅርቦት ድንጋጤ» የሚሉት ይህን የመጨረሻውን ነው።

ስለዚህ ዋጋ ብቻውን አይበቃም፣ ሥራውንም አብሮ ማየት ነው። ዋጋም ሥራም አብረው ከጨመሩ የገፋው ፍላጎት ነው። ዋጋ ጨምሮ ሥራ ከጠፋ የተጎዳው አቅርቦት ነው። ዋጋም ሥራም አብረው ከወደቁ ፍላጎት ሞቷል። ይህ የመጨረሻው የሆነው በ1930ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ነው፤ በ1933 ከአራት ሠራተኞች አንዱ ገደማ ሥራ አልነበረውም፣ ዋጋውም እየወረደ ነበር። ፋብሪካው አለ፣ ሠራተኛው አለ፣ እርሻው አለ፣ የሚገዛ ግን ጠፋ። እንግሊዛዊው የኢኮኖሚ ሊቅ ኬንስ በ1936 መንግሥት ራሱ ገዢ ሆኖ ይግባ ብሎ የተከራከረው ይህን አይቶ ነው፣ በእኔ እምነት ለዚያ በሽታ ትክክል ነበር።

ከነዳጁ ድንጋጤ በኋላ የመጣው ግን ሌላ በሽታ ነው። በ1974 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የዋጋ ንረት ከ10 በመቶ አለፈ፣ በ1975 ደግሞ ሥራ አጥነቱ 9 በመቶ ደረሰ። ዋጋና ሥራ አጥነት አብረው ወጡ፤ «ስታግፍሌሽን» የተባለው ይህ ነው። እዚህ ጋ ማዕከላዊ ባንክ ይጨነቃል። ብር ቢለቅ ዋጋው ይብሳል፣ ብር ቢይዝ ሥራው ይጠፋል። በ1979 የአሜሪካን ማዕከላዊ ባንክ መምራት የጀመረው ፖል ቮልከር ሁለተኛውን መረጠ፤ ወለድ 20 በመቶ አካባቢ ወጣ፣ ንረቱም ተሰበረ፣ ግን በ1982 መጨረሻ ሥራ አጥነት 10.8 በመቶ ነበር። ያ ቁጥር የሰው ቤት ነው፣ በቀላሉ ማለፍ አይገባም።

ወደ እኛ ስንመጣ ሁለቱም ችግር አንድ ላይ ነው ያለው፣ ክርክሩም የማያልቀው ለዚህ ይመስለኛል። አንዱ ወገን «ብር በዝቶ ነው» ይላል፤ መንግሥት የበጀት ጉድለቱን ከብሔራዊ ባንክ በቀጥታ እየተበደረ ሲሸፍን ስለኖረ እውነት አለው። ሌላው «ምርት ጠፍቶ ነው» ይላል፤ ጦርነት፣ ድርቅ፣ በዶላር እጦት መለዋወጫ አጥቶ የቆመ ፋብሪካ፣ በ2014 ዓ.ም. በዩክሬን ጦርነት የተወደደ ማዳበሪያ፤ እሱም እውነት ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር የምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ደግሞ አንድ ውሳኔ ሁለቱንም ጎን ነካ። ከ60 ብር በታች የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 አለፈ። ቡና ላኪው ብዙ ብር ስለሚያገኝ የመላክ ፍላጎቱ ይጨምራል፤ ነዳጅና መድኃኒት የሚያስመጣው ግን ወጪው ይንራል፣ እሱም አቅርቦቱን ይጫነዋል።

ከዚያ በፊት፣ ነሐሴ 2015 ላይ፣ ብሔራዊ ባንክ የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ጣሪያ አስቀምጦ ነበር። ዓላማው ፍላጎትን ማብረድ ነው፣ የተነሳሁበትን ሐሳብ ይዞ ለሚያይ ሰው ደግሞ አመክንዮው ግልጽ ነው፦ ብድር ሲያንስ ወጪ ያንሳል፣ ወጪ ሲያንስ ዋጋ ይረጋጋል። ግን ብድር ሁሉ አንድ አይደለም። አንዱ ተበድሮ መኪና ይገዛል፤ ይህ ፍላጎት ነው። ሌላው ተበድሮ የዘይት መጭመቂያ ያስገባል፤ ዛሬ ማሽኑን ሲገዛ ፍላጎት ነው፣ በሚቀጥለው ዓመት ዘይቱ ሲወጣ ግን አቅርቦት ነው። የብድር ጣሪያ ሁለቱን አይለይም። የሚለየው ባንኩ ውስጥ ተቀምጦ ማመልከቻዎቹን የሚያየው ሰው ነው፣ እሱ ደግሞ በአብዛኛው የሚያየው ማን ጥሩ ማስያዣ እንዳለው ነው።