የማንሃተን ድልድይ ግማሹ ሲዘጋ፦ ስለ ባቡሩ የሚባለውና እውነታው

ብሩክሊንን ከማንሃተን የሚያገናኘው የኒው ዮርኩ ማንሃተን ድልድይ ከ1986 እስከ 2004 ድረስ በጥገና ላይ ነበር (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። በዚያ ሁሉ ጊዜ አራቱ የባቡር ሐዲዶች አብረው የሠሩበት ጊዜ ከቁጥር የሚገባ አይደለም።

«ድልድዩን የጎዳው እርጅናና ዝገት ነው»

ዝገቱ ነበረ፤ ዋናው ጠንቅ ግን ንድፉ ነው። በ1909 የተከፈተው ይህ ተንጠልጣይ ድልድይ ባቡሮቹን የሚሸከመው ዳርና ዳር ነው፤ ሁለት ሐዲድ በሰሜን፣ ሁለት በደቡብ። ባቡር በአንዱ ወገን ሲገባ ያ ወገን ዝቅ፣ ሌላው ከፍ ይላል፤ ልዩነቱ ከአንድ ሜትር ያልፍ ነበር። በሌላው ወገን ሲመጣ ደግሞ ወለሉ ወደዚያ ይጠመዘዛል። ሽቦ በእጅ ደጋግመው ሲያጥፉትና ሲያቃኑት ይበጠስ የለ? ብረቶቹም የተሰነጠቁት እንዲሁ ነው። ስለዚህ የዛገውን መለወጥና ቀለም መቀባት አልበቃም፤ ጥምዘዛውን የሚቋቋም ማጠንከሪያ መጨመር ግድ ሆነ።

«ግማሹ ክፍት ከሆነ ባቡሩ ይዘገያል እንጂ መንገዱ አይለወጥም»

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ከ1967 ወዲህ የሰሜኑ ሐዲድ በግራንድ ስትሪት ጣቢያ አልፎ ወደ ማንሃተኑ የስድስተኛ አቬኑ መስመር፣ የደቡቡ በካናል ስትሪት ጣቢያ በኩል ወደ ብሮድዌይ መስመር ይሄዳል። አንዱን ወገን መዝጋት ማለት አንዱን የከተማ መስመር ከብሩክሊን መቁረጥ ማለት ነው። የደቡቡ ወገን በ1988 ሲዘጋ ኪው ባቡር (እዚህ ባቡሮቹ የሚጠሩት በእንግሊዝኛ ፊደል ነው) ከብሮድዌይ ወደ ስድስተኛ አቬኑ ዞረ፤ በካናል ስትሪት የድልድዩ ባቡሮች ይቆሙበት የነበረው መድረክም ባዶውን ቀረ። በሐምሌ 2001 ተራው የሰሜኑ ሲሆን ቢ እና ዲ ባቡሮች ከሰሜን መጥተው ማንሃተን ውስጥ 34ኛ መንገድ ጣቢያ ላይ ቀሩ፤ ወደ ብሩክሊን አልተሻገሩም። በቻይናታውን መሃል ያለው ግራንድ ስትሪት ጣቢያ የቀረለት አንድ አጭር ምልልስ ባቡር ብቻ ነበር።

«በወንዙ ሥር ባለው ዋሻ ማሳለፍ ይቻላል»

ይቻላል፤ ኤን ባቡር ለዓመታት በሞንታግ ዋሻ ሄዷል። ግን ዋሻው በየአቅጣጫው አንድ ሐዲድ ብቻ ነው ያለው፤ እሱንም ኤን ከአር ባቡር ጋር ይጋራ ነበር። መንገዱም በታችኛው ማንሃተን ዞሮ ስለሆነ ረጅም ነው።

«ድልድዩ የባቡር ድርጅቱ ንብረት ነው»

አይደለም። ድልድዩ የከተማው ትራንስፖርት መምሪያ ነው፤ ባቡሩን የሚያስኬደው ሌላ ድርጅት ነው።

«ጥገናው ሲያልቅ ሁሉም ወደ ድሮው ይመለሳል»

በየካቲት 2004 አራቱም ሐዲዶች ሲከፈቱ ቢ እና ዲ በብሩክሊን ቦታ ተለዋወጡ፤ ዲ ወደ ዌስት ኤንድ መስመር፣ ቢ ወደ ብራይተን መስመር። ቢ ቅዳሜና እሑድ አይሠራም። ብራይተን ላይ ሁልጊዜ የሚሠራ ኪው ስላለ የቢ መቅረት ብዙም አይጎዳም፤ ዌስት ኤንድ ግን ሳምንቱን ሙሉ የሚሠራ ባቡር ያስፈልገው ነበር። ዋሽንግተን ያላችሁም ይህን አይታችኋል፦ በፖቶማክ ወንዝ ላይ ያለው የከተማው ባቡር ቢጫ መስመር ድልድይ ከመስከረም 2022 እስከ ግንቦት 2023 ተዘግቶ ሲከፈት፣ ግሪንቤልት ድረስ ይሄድ የነበረው ባቡር እዚያ ሳይደርስ ከመሃል ከተማው ማውንት ቨርነን ስኩዌር ጣቢያ መመለስ ጀመረ።