«ነጭ መጣ፣ ልጁን አታለለው» ስትሉኝ

ታሪክ አስተምራለሁ። የናይጄሪያ ኢግቦ ሕዝብ እንዴት ክርስቲያን እንደሆነ ባነሳሁ ቁጥር አንዱ እጁን አውጥቶ ያቺኑ ይላታል፦ «ነጭ ሰው መጽሐፍ ቅዱስ ይዞ መጣ፣ ልጁን አታለለው፣ ቤተሰቡ ተበተነ።» ዘንድሮስ በቃኝ።

ሌላም የምትሉት አለ፤ ቀላል ቀላሉን ላስቀድም።

ኢግቦዎች ፈጣሪን አያውቁም ነበር? ያውቃሉ፤ ቹኩ ይሉታል። ሚሲዮኖቹም የሰበኩት በዚሁ ስም ነው።

ንጉሡ ተጠመቀ፣ ሕዝቡ ተከተለ? የቱ ንጉሥ? አብዛኛው መንደር ንጉሥ አልነበረውም፤ ነገር የሚቆርጡት ተሰብስበው የሚመክሩ ሽማግሌዎች ነበሩ።

ነጭ መጣ? በ1857 እ.ኤ.አ. ኒጀር ወንዝ ዳር፣ ኦኒቻ ላይ የአንግሊካን ሚሲዮን ሲከፈት መሪው ሳሙኤል አጃዪ ክራውዘር ነበር። ዮሩባ ነው፤ በልጅነቱ በባርነት ተሸጦ ኋላ ነፃ የወጣ። እዚያው ቀርቶ ሥራውን የጀመረው ጆን ክሪስቶፈር ቴይለር ደግሞ ሴራሊዮን የተወለደ የኢግቦ ልጅ ነው። ነጮቹ የካቶሊክ አባቶች ኦኒቻ የገቡት በ1885 ነው።

ደሜን የሚያፈላው ግን «አታለለው» የምትለዋ ናት። መጀመሪያ ወደ ቤተ ክርስቲያን ከሄዱት ብዙዎቹ መንደሩ የገፋቸው ነበሩ። መንታ በመውለዷ ልጆቿ ጫካ የተጣሉባት እናት ማን ያታልላታል? ለጣዖት የተሰጠ ነው ተብሎ ነፃ ሰው የማያገባው፣ «ኦሱ» የሚባለውስ? አስበውበት ነው የሄዱት።

ኋላ ደግሞ አባቶች ራሳቸው ልጅ ላኩ። እንግሊዞች ፍርድ ቤት አቋቁመዋል፤ በመሬት ክርክር እንግሊዝኛ የሚያነብ ልጅ ያለው ይጠቀማል። የካቶሊክ ሚሲዮኑ መሪ ሻናሃን ይህ ገብቶት ነው ከ1905 በኋላ ትምህርት ቤት ላይ የበረታው።

በቤተሰቡ ውስጥ ጠቡ የሚፈነዳው የበኩር ልጅ ሲጠመቅ ነው። አባት ሲሞት የቤተሰቡን ሥልጣን የያዘችውን በትር፣ ኦፎን፣ የሚረከበው እሱ ነው። ለአያቶች መጠጥ የሚያፈሰው፣ ሁለተኛውን የቀብር ሥርዓት የሚያወጣውም እሱ። ያ ካልተደረገለት ሟቹ ከአያቶቹ ሳይደርስ ይንከራተታል ብለው ያምናሉ። የአባቱን ተዝካር አላወጣም የተባለ ልጅ እኛ ዘንድ እንዴት እንደሚታማ ታውቃላችሁ። እዚያ የባሰ ነው። አባትየው የሚቆጣው ስለ ሥላሴ አይደለም፤ ማን ይቀብረኛል ነው ጭንቀቱ።

ሚስቶችም አሉ። አንግሊካኖቹ ሁለት ሚስት ያለውን ወንድ አያጠምቁም ነበር። አንዷን ይፍታ ማለት ነው። የትኛዋን? ልጆቿስ?

«ቤተ ክርስቲያን ኦሱነትን አጠፋች» የሚለኝም አይጠፋም። በ1956 የምሥራቅ ናይጄሪያ መንግሥት በሕግ ሽሮታል። ዛሬም ግን ልጅ ላግባ ሲል ዘሯን የሚያጣሩ ወላጆች አሉ። እሑድ ታዲያ ከቅዳሴ አይቀሩም።