የጅማ ኪታቦችና «ዳግም የተገኙ» መጻሕፍት

ጅማ ስትነሣ ቡና ይቀድማል፤ ኪታብ (የእስልምና ትምህርት መጽሐፍ) የሚያነሣ ጥቂት ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን እስልምና ጅማ ከነርሱ አንዷ በሆነችባቸው በጊቤ የኦሮሞ መንግሥታት ሥር ሰደደ። በጅማው ንጉሥ በዳግማዊ አባ ጅፋር ዘመን ደግሞ (እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932) ጅማ የታወቀች የቂርኣት (የእስልምና ትምህርት) አገር ሆነች። ፊቅሁ (የሃይማኖት ሕጉ)፣ ነህዉ (የዓረብኛ ሰዋስዉ)፣ መንዙማው (የውዳሴ ግጥሙ) በእጅ እየተገለበጠ ከሸኽ ወደ ደረሳ፣ ማለትም ወደ ተማሪው፣ ተላለፈ። ብዙው ዓረብኛ ነው፤ በዓረብኛ ፊደል የተጻፈ ኦሮምኛም አለ፣ አጀሚ ይሉታል።

በዓረብኛ የእጅ ጽሑፍ ከገጹ ግርጌ ጥግ ብዙ ጊዜ አንዲት ቃል ለብቻዋ ትቀመጣለች። የሚቀጥለው ገጽ የሚጀምረው በእርሷ ነው። ቁጥር በሌለው መጽሐፍ ውስጥ ቅጠሎቹ ቢበታተኑ መልሶ የሚያሰካካቸው ይህች ቃል ናት።

የግሪክ ሳይንስ ብዙው ክፍል ለምዕራብ አውሮፓ የደረሰው በዚሁ ፊደል ነው። ሁነይን ኢብን ኢስሐቅ በ9ኛው መቶ ዘመን ባግዳድ ላይ የግሪካዊውን ሐኪም የገሌንን የሕክምና መጻሕፍት ወደ ዓረብኛ መለሰ። የክሬሞናው ጄራርድ በ12ኛው መቶ ዘመን በእስፓኝ ቶሌዶ ላይ የጥንቱን የግሪክ ሊቅ የበጥሊሞስን የከዋክብት መጽሐፍ ከዓረብኛ ወደ ላቲን አዛወረ፤ ኮፐርኒከስ በ1543 ምድርን ከመሃል ሲያነሣ የተሟገተው ከዚሁ ከበጥሊሞስ ጋር ነው። እኛም ጋ መንገዱ ያው ነበር፦ የግሪክ ጠቢባንን ምክር የያዘው መጽሐፈ ፈላስፋ ጠቢባን ወደ ግእዝ የተመለሰው ከዓረብኛ ነው።

«ዳግም ተገኘ» ሲባል ግን ለማን ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። የጥንቱ ሮማዊ ባለቅኔ የሉክሬቲየስ ግጥም በ1417 ከገዳም መደርደሪያ ሲወጣ በእርግጥ አንባቢ አልነበረውም ማለት ይቻላል። መጽሐፈ ሄኖክ ግን ሌላ ነው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1773 ቅጂዎቹን ይዞ አውሮፓ ሲደርስ የጠፋው ተገኘ ተባለ፤ ሪቻርድ ሎረንስ በ1821 በእንግሊዝኛ አሳተመው፤ ሠዓሊው ዊሊያም ብሌክም ከታሪኩ ተነሥቶ በእርሳስ ነደፈ። በኋላ በሙት ባሕር አጠገብ ካለው ከቁምራን ዋሻ የአራማይክ ቁርጥራጮች ሲወጡ፣ ምሁራኑ ያመሳከሩት ከግእዙ ጋር ነው፤ ሙሉ ሆኖ የቆየው በግእዝ ብቻ ነውና። የእኛ ሊቃውንት ይህን ሁሉ ዘመን ሲያነቡት ኖረዋል፤ መቼ ጠፋባቸው?

የጅማን ኪታቦችም ተመራማሪዎች ፎቶግራፍ እያነሡ መመዝገብ ከጀመሩ ቆይተዋል። መዝገቡ ላይ ቁጥር የተሰጠው መንዙማ ግን መውሊድ ሲደርስ ዛሬም ይዜማል።