ምፀትና ወለፈንዲ በጥንታውያን ግሪኮች ተረትና ሥነ ጽሑፍ

ምፀት በጥንታውያን ግሪኮች ሥነ ጽሑፍ ውስጥ ተናጋሪው ከአፉ የወጣውን ነገር ሙሉ ትርጉም የማያውቅበት፣ ወይም እያወቀ እንዳላወቀ የሚሆንበት ዘዴ ነው። ወለፈንዲ የቅርብ ዘመዱ ነው፤ ምክንያትና ውጤት ተጣልተው፣ ሰው ከሚሸሸው ነገር ጋር በመሸሹ ምክንያት ሲገናኝ የሚታይበት። ሰምና ወርቅ ለለመደ አንባቢ ነገሩ እንግዳ አይደለም፤ ልዩነቱ ግን መነገር አለበት። በቅኔ ሰሙንም ወርቁንም አስቀድሞ የሚያውቀው ባለቅኔው ነው፤ አድማጩ ቆፍሮ ያገኘዋል። በግሪክ ትራጄዲ ግን ባለታሪኩ ሰሙን ብቻ ይዞ ይናገራል፤ ወርቁ ገና ከመጀመሪያው በተመልካቹ እጅ ነው።

ቃሉ

ምፀትን የሚገልጸው «ኤይሮኔያ» የሚለው የግሪክ ቃል ሲጀመር ሙገሳ አልነበረም። በአስቂኝ ተውኔት ኤይሮን ራሱን አሳንሶ የሚያቀርብ ብልጥ ሲሆን ባላጋራው አላዞን የተባለው ጉረኛ ነው። አርስቶትል በሥነ ምግባር ትምህርቱ እውነተኛውን ሰው በሁለቱ መካከል ያስቀምጠዋል፤ አንዱ የሌለውን ይጨምራል፣ ሌላው ያለውን ይደብቃል። ተማሪው ቴዎፍራስጦስ 30 ዓይነት የሰው ጠባይ ሲዘረዝር ከኤይሮን ይጀምራል፤ ከኋላ ያማውን ሰው ፊት ለፊት የሚያመሰግን፣ ሊያነጋግሩት ሲመጡ ገና መግባቱ እንደሆነ ወይም እንዳመመው የሚናገር ሰው አድርጎ ይሥለዋል። በፕላቶ «ሪፐብሊክ» ውስጥ ትራሲማኮስ ሶቅራጥስን በዚህ ቃል ሲጠራው የሚሰድበው እንጂ የሚያደንቀው አይደለም። ቃሉ ክብር ያገኘው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው።

ሆሜር

በ«ኢሊያድ» 6ኛ መጽሐፍ ግላውኮስና ዲዮሜዲስ ሊገዳደሉ ይፋጠጡና የአያቶቻቸው ወዳጅነት ትዝ ብሏቸው የጦር ልብስ ይለዋወጣሉ። ግላውኮስ 100 በሬ የሚያወጣ የወርቅ ልብሱን ሰጥቶ 9 በሬ የሚያወጣ ነሐስ ይቀበላል። ሆሜር በክብር ሲያስጌጠው የቆየውን ትዕይንት ዜውስ የግላውኮስን ልብ እንደነሳው በመናገር በአንድ ስንኝ ያፈርሰዋል።

የታወቀው ግን በ«ኦዲሴ» 9ኛ መጽሐፍ የሚገኘው የአንድ ዓይናው ፖሊፌሞስ ታሪክ ነው። ኦዲሲየስ ስሙ «ማንም» እንደሆነ ይነግረዋል። ዓይኑ የጠፋው ግዙፍ በሌሊት ሲጮህ ጎረቤቶቹ ደርሰው ማን እንደነካው ይጠይቁታል፤ «ማንም!» ይላቸዋል። ማንም ካልነካህማ ሕመሙ ከዜውስ ነው፣ ለአባትህ ለባሕሩ አምላክ ለፖሲዶን ጸልይ ብለውት ይበተናሉ። (በአማርኛ «ማንም» አሉታዊ ግስ ካላስከተለ ስለማያርፍ ቀልዱን ለመመለስ ተርጓሚ ይቸገራል፤ እዚህም ያዳነን ግሱ መዋጡ ነው።) የሚያስከፋው ቀጣዩ ነው። በሐሰት ስሙ የዳነው ኦዲሲየስ መርከቡ ላይ ከወጣ በኋላ መመካት ስላማረው እውነተኛ ስሙን ከነአባቱና ከነአገሩ ይጮኻል። ፖሊፌሞስም አሁን የሚረግመውን ሰው በስም ያውቀዋል፤ የፖሲዶን ቁጣ ከዚያ ይጀምራል።

ያ ቁጣ የሚላላው ደግሞ በኢትዮጵያውያን ምክንያት ነው። «ኦዲሴ» ሲከፈት ፖሲዶን በምድር ዳርቻ ወዳሉት ኢትዮጵያውያን ዘንድ ለመሥዋዕት ግብዣ ሄዷል፤ ሌሎቹ አማልክት እርሱ በሌለበት ተሰብስበው ኦዲሲየስ ወደ ቤቱ እንዲመለስ ይወስናሉ። በ«ኢሊያድ»ም ዜውስ «ነቀፋ የሌለባቸው» ወደተባሉት ኢትዮጵያውያን ሄዶ የአኪሊስ እናት እስከ 12ኛው ቀን ድረስ አቤቱታዋን ይዛ ትጠብቃለች። የሁለቱም ግጥሞች ሴራ የተንቀሳቀሰው አምላክ ከእኛ ገበታ ሳይነሳ በመቆየቱ ነው ማለት ይቻላል። የሆሜር ኢትዮጵያ በዛሬው ካርታ የት እንደሆነች ሊቃውንት አይስማሙም፤ ብዙዎቹ ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን የኩሽ ምድር ይጠቁማሉ። ስሙ ግን ስማችን ነው።

ከዚሁ ወገን የሚቆጠረው የቲቶኖስ ተረት ነው። የንጋት አምላክ ኢዮስ ለምትወደው ለቲቶኖስ ከዜውስ ዘላለማዊ ሕይወት ለመነችለት፤ ወጣትነት መለመን ግን ረሳች። ቲቶኖስ ሳይሞት አረጀ፣ ደረቀ፣ በመጨረሻ ድምፁ ብቻ ቀረ። ልጃቸው ሜምኖን የኢትዮጵያውያን ንጉሥ ሆኖ ትሮይን ሊረዳ ዘመተና በአኪሊስ እጅ ወደቀ። አባት መሞት አቅቶት፣ ልጅ መኖር ሳይችል ቀረ። የሜምኖንን ዘመቻ የተረከው «ኢትዮጲስ» የተባለ ግጥም ጠፍቶ ማጠቃለያውና ጥቂት ቁርጥራጮቹ ብቻ ደርሰውናል።

ሲሲፎስን ማንሳት የግድ ይመስላል። «ኦዲሴ» በሙታን ዓለም ድንጋይ ሲገፋ ያሳየናል እንጂ ለምን እንደተቀጣ አይነግረንም። የወለፈንዲ ምልክት ያደረገው ፈረንሳዊው ጸሐፊ አልቤር ካሙ በ1942 ነው፤ ግሪኮቹ ሲሲፎስን የሚያውቁት ይልቁንም ሞትን ያሰረ አጭበርባሪ ብለው ነው።

መድረኩ

የአቴና ተመልካች በአክሮፖሊስ ግርጌ በዲዮኒሰስ ቴአትር ሲቀመጥ ታሪኩን ከነመጨረሻው አውቆ ነው። ተውኔት ጸሐፊው ሶፎክለስ ይህን ዕውቀት እንደ መሣሪያ ተጠቀመበት። በ«ንጉሥ ኤዲፐስ» መጀመሪያ ቴብስን ወረርሽኝ ይዟታል፤ የቀድሞው ንጉሥ የላዮስ ገዳይ ካልተገኘ አይለቅም። ኤዲፐስ ገዳዩን በሕዝብ ፊት ይረግማል፤ ለላዮስም እንደ ገዛ አባቱ እንደሚሟገትለት ይምላል። ሁለቱም ቃላት እውነት ናቸው፤ ገዳዩም ልጁም እርሱ ነው። ዓይነ ስውሩ ነቢይ ቲሬሲያስ ያያል፣ ዓይናማው አያይም፤ ሲያይ ዓይኑን ያወጣል።

የነገሩ ማጠፊያ ከቆሮንቶስ የመጣው መልእክተኛ ነው። አባትህ ፖሊቦስ ሞቷል ሲለው ኤዲፐስ አባቱን ይገድላል ከተባለው ትንቢት ያመለጠ ይመስለዋል፤ እናቱን የማግባቱ ፍርሃት ግን ይቀራል። መልእክተኛው ሊያሳርፈው ብሎ ፖሊቦስም ሚስቱ ሜሮፔም ወላጆቹ እንዳልሆኑ፣ ሕፃን ሳለ ከእረኛ ተቀብሎ የወሰደው ራሱ እንደሆነ ይነግረዋል። አርስቶትል «ፖኤቲክስ» በተሰኘው ሥራው የነገር መገልበጥን ሲያስረዳ የሚጠቅሰው ይህንኑ ነው፤ ሊያጽናና የመጣው ቃል አፈረሰ። ይህ ተውኔት በውድድሩ በአይስኪሎስ የእኅት ልጅ በፊሎክሊስ ተሸንፎ ሁለተኛ እንደወጣ ይነገራል። ከፊሎክሊስ ተውኔቶች አንድም ሙሉ አልተረፈም።

አርስቶትል በዚያው ሥራ የሚያነሳት አንዲት ትንሽ ታሪክ ደግሞ አለች። በአርጎስ ከተማ የሚቲስ ገዳይ የሚቲስን ሐውልት ቆሞ ሲመለከት ሐውልቱ ወድቆ ገደለው። ፈላስፋው አጋጣሚም ቢሆን ታስቦበት የተደረገ ሲመስል የበለጠ ይደንቃል ይላል።

ሄሮዶተስና የኢትዮጵያው ንጉሥ

የታሪክ አባት የሚባለው ሄሮዶተስ ከተውኔት ጸሐፊዎቹ የሚያንስ አይደለም። የልድያው ንጉሥ ክሮይሶስ የትንቢት ቦታዎችን ለመፈተን ኤሊና የበግ ጠቦት በነሐስ ድስት ቀቅሎ፣ ምን እያደረገ እንደሆነ በመልእክተኞቹ አስጠየቀ፤ ዴልፊ በትክክል መለሰች። አምኖ ፋርስን ይውጋ እንደሆነ ሲጠይቅ፣ ቢዘምት ታላቅ መንግሥት እንደሚያፈርስ ተነገረው። ዘመተ፤ መንግሥት ፈረሰ፣ የራሱ። ዋና ከተማው ሰርዴስ በፋርሱ ንጉሥ በቂሮስ እጅ የወደቀችው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ546 ገደማ ነው። ክሮይሶስ የእግር ብረቱን ወደ ዴልፊ ልኮ ሲወቅስ፣ የማንን መንግሥት ብሎ መልሶ መጠየቅ ነበረበት የሚል መልስ መጣለት። የልጁ የአቲስ አሟሟትም እንዲሁ ነው፤ በብረት ጦር እንደሚሞት በሕልም ስላየ አባቱ ጦሩን ሁሉ ከአዳራሽ አስወጣ፣ ለአደን ሲወጣም ጠባቂ መደበለት። ጦር የሳተው ያ ጠባቂ ገደለው።

ለዚህ ዳሰሳ የላቀው ግን በ3ኛው መጽሐፍ የሚገኘው ነው። የቂሮስ ልጅ ካምቢሲስ በ525 ግብፅን ከያዘ በኋላ፣ የኢትዮጵያውያንን ቋንቋ የሚያውቁ ዓሣ በላተኞች የሚባሉ ሰዎችን ከኤለፋንቲን አስመጥቶ በስጦታ ስም ሰላዮች አድርጎ ላካቸው። የያዙት ሐምራዊ ልብስ፣ የወርቅ የአንገት ሐብልና አምባር፣ በአልባስጥሮስ ብልቃጥ የተሞላ ሽቱ፣ አንድ ጋን የተምር ጠጅ ነበር። የኢትዮጵያው ንጉሥ ሰላዮች መሆናቸው አልጠፋውም። ልብሱ ቀለም መነከሩን ሲሰማ ሰዎቹም ልብሳቸውም አታላይ ናቸው አለ። ወርቁን የእግር ብረት መስሎት ሳቀ፤ እኛ ዘንድ ከዚህ የጠነከረ አለ አለ። መስሎት ነው ወይስ አውቆ? ሄሮዶተስ መስሎት ነው ይላል፤ እስረኞቹን በወርቅ ሰንሰለት የሚያስር ንጉሥ ግን ቀልዱን ሳያውቀው የተናገረ አይመስልም። ፋርሶች በፍግ ከዳበረ መሬት የበቀለ ስንዴ በልተው ቢበዛ 80 ዓመት እንደሚኖሩ ሲነግሩት፣ ፍግ የሚበላ ሰው ዕድሜው ቢያጥር አይደንቅም አለ። የእርሱ ሰዎች 120 ዓመት ይኖራሉ ተብሏል። ያመሰገነው ጠጁን ብቻ ነው።

በመልሱም ትልቅ ቀስት ላከ፤ ፋርሶች ይህን በቀላሉ መሳብ ሲችሉ ይምጡ፣ እስከዚያው የኢትዮጵያውያን ልጆች የሌላ አገር እንዳይመኙ ያደረጉትን አማልክት ያመስግኑ ከሚል መልእክት ጋር። ካምቢሲስ በቁጣ ስንቅ ሳያዘጋጅ ዘመተ። የመንገዱን አንድ አምስተኛ ሳይሄድ ምግብ አለቀ፤ የጭነት ከብት ተበላ፣ ቀጥሎ ሣር፣ በመጨረሻም ዕጣ እያወጡ ከአሥር አንዱን ሰው በሉ። ያኔ ተመለሰ። ሄሮዶተስ ቀስቱን ሁለት ጣት ያህል የሳበው የካምቢሲስ ወንድም ስመርዲስ ብቻ እንደነበር፣ ካምቢሲስም በቅናት ወደ ፋርስ እንደመለሰው ይተርካል። ቀጥሎ ስመርዲስ ዙፋን ላይ ሲቀመጥ በሕልም አየና አስገደለው፤ ዙፋኑን የያዘው ግን ስመርዲስ የተባለ ሌላ ሰው ሆነ። ካምቢሲስ ወደዚያ ሲጣደፍ ፈረስ ላይ ሲወጣ ሰይፉ ጭኑን ወጋው። በኤክባታና እንደሚሞት ተተንብዮለት ስለነበር በሜዶን አገር ኤክባታና አርጅቶ የሚሞት መስሎት ኖሯል። ያለበትን ከተማ ስም ጠየቀ። በሶርያ ውስጥ ያለች ኤክባታና ነበረች።

የዘመቻው ዝርዝር ሁሉ እንደተነገረው መሆኑ አጠራጣሪ ነው፤ የንጉሡ ንግግር ግን የማን አገር ሰው እንደሆነ ያስታውቃል።

ኮሜዲና ፍልስፍና

የአሪስቶፋኒስ 11 ተውኔቶች ተርፈዋል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ414 በቀረበው «ወፎች» ሁለት አቴናውያን በሰማይ ከተማ አሠርተው የመሥዋዕቱን ጢስ ያግዱና አማልክቱን ያስርባሉ፤ አማልክቱም ለድርድር መልእክተኛ ይልካሉ። በ423 የቀረበው «ደመናዎች» ሶቅራጥስን ያፌዝበታል፤ ሦስተኛ ወጣ። ሶቅራጥስ በ399 በተከሰሰ ጊዜ፣ በፕላቶ ዘገባ፣ ለራሱ ተገቢውን ቅጣት እንዲጠቁም ቢጠየቅ ከተማዋ በነፃ እንድትመግበው ሐሳብ አቀረበ። ከዚያ ወዲህ የመጣው ሜናንደር የቤተሰብ ኮሜዲ ጸሐፊ ነው።

የወለፈንዲ አጭሩ ምሳሌ ብዙዎቻችን ሳናስተውል ያነበብነው ነው። በቲቶ መልእክት ምዕራፍ 1 የቀርጤስ ሰዎች ዘወትር ውሸተኞች መሆናቸውን የገዛ ነቢያቸው እንደተናገረ ተጽፏል፤ የጥንት አባቶች ይህን ነቢይ ኤፒሜኒዲስ ይሉታል። ነቢዩ ራሱ የቀርጤስ ሰው ከሆነ ንግግሩ እውነት ነው ወይስ ውሸት?

የኋለኛው ዘመን

ሄሊዮዶሮስ «ኢትዮጲካ» በተባለ ባለ10 መጽሐፍ ልብ ወለዱ፣ የኢትዮጵያ ንግሥት ፐርሲና ነጭ ሆና የተሣለችውን የተረት ልዕልት የአንድሮሜዳን ሥዕል እያየች በመፀነሷ ነጭ ሴት ልጅ ወለደች ይላል። እናት ሐሜት ፈርታ ልጇን ትጥላለች፤ ካሪክሌያ ግሪክ አገር አድጋ ተማርካ ስትመለስ አባቷ ሳያውቃት ለመሥዋዕት ያቀርባታል። በመጨረሻው መጽሐፍ የአክሱም ሰዎች መልእክተኞች እንደ ገባር ሳይሆን እንደ ወዳጅ ቀጭኔ ይዘው ይመጣሉ፤ ቀጭኔዋን ያዩ የመሥዋዕት ከብቶች ደንብረው ሥርዓቱን ያውኩታል። አክሱም ራሷ የዚህ ቋንቋ ባለቤት ነበረች፤ ከክርስቶስ ልደት በኋላ በአንደኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተጻፈው የኤርትራ ባሕር መመሪያ ንጉሥ ዞስካለስ የግሪክን ጽሕፈት የሚያውቅ እንደነበር ይመሰክራል።

በሁለተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የሳሞሳታው ሉኪያን «እውነተኛ ታሪክ» ብሎ በሰየመው ድርሰት መግቢያ ላይ ከሚጽፈው ሁሉ እውነቱ ዋሾ መሆኑ ብቻ እንደሆነ ያስጠነቅቃል። ከዚያ ወደ ጨረቃ ይጓዛል፣ የጨረቃና የፀሐይ ነገሥታት ሲዋጉ ያያል፣ ሆሜርን አግኝቶ ለምን በቁጣ እንደጀመረ ይጠይቀዋል፤ እንዲሁ መጣልኝ ይለዋል። የክፉዎች ደሴት ሲደርስ ከሁሉ የከፋው ቅጣት የሚወርደው ውሸት በጻፉ ሰዎች ላይ ሆኖ ያገኘዋል፤ ከእነርሱ መካከል ሄሮዶተስ አለ። ሉኪያን እርሱ ራሱ ዋሽቶ ስለማያውቅ ልቡ በተስፋ እንደተሞላ ጽፏል።