ነዳጅ ጫኟ «ኦሃዮ» በጦርነት አገልግሎት

«ኦሃዮ» አሜሪካ ውስጥ ተሠርታ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መካከል በእንግሊዝ መንግሥት ለጦርነት አገልግሎት የተወሰደች የንግድ ነዳጅ ጫኝ መርከብ ናት። ስሟን ያስጠራው አንድ ጉዞ ነው፤ እርሱም ነሐሴ 1934 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦገስት 1942) «ፔደስታል» በተባለው ዘመቻ ወደ ተከበበችው የማልታ ደሴት ያደረገችው ጉዞ ነው። ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ታሪኩን ቀረብ የሚያደርገው ሌላ ነገርም አለ። ኦሃዮን በቶርፒዶ (በውኃ ውስጥ በሚወነጨፍ ፈንጂ) የመታት የጣሊያን ባሕር ሰርጓጅ «አክሱም» ይባል ነበር።

መርከቧ የተሠራችው ፔንሲልቬንያ ግዛት ቼስተር ከተማ በሚገኘው የሰን ኩባንያ የመርከብ መሥሪያ ሲሆን ባለቤቷ ቴክሳስ የነዳጅ ኩባንያ (ቴክሳኮ) ነበር። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 20 ቀን 1940 ውኃ ላይ ወረደች። የተመዘገበ ቶኗ 9,264፣ ርዝመቷ 157 ሜትር ያህል ነው፤ በዘመኑ ከነበሩት ነዳጅ ጫኞች ፈጣን ከሚባሉት ተርታ ነበረች። እስከ 1942 ድረስ በአሜሪካ ወደቦች መካከል ነዳጅ ስታመላልስ ቆየች።

ማልታ ከሲሲሊ በስተደቡብ፣ ጣሊያንና ጀርመን ወደ ሊቢያ ስንቅና ጥይት በሚያመላልሱበት የባሕር መንገድ ላይ ያለች ትንሽ ደሴት ናት። ከደሴቷ የሚነሡት የእንግሊዝ አውሮፕላኖችና ባሕር ሰርጓጆች መንገዱን ያውኩ ስለነበር ደሴቷ ሌት ተቀን ትደበደብ ነበር። በ1942 ክረምት ሕዝቡ ዳቦ በራሽን ይበላል፤ ነዳጁም ወደ ማለቁ ደርሷል። በጁን ወር ከተላኩት ስድስት ጭነት መርከቦች የገቡት ሁለት ብቻ ናቸው። በመካከላቸው የነበረችው ብቸኛዋ ነዳጅ ጫኝ «ኬንታኪ» አጠገቧ በወደቀ ቦምብ የእንፋሎት ቧንቧዋ ተሰንጥቆ ቆመች፣ ከዚያም ጠፋች። ቀጥታ ሳትመታ በአንድ ቧንቧ ምክንያት መቅረቷ የእንግሊዝ ባለሙያዎችን ከነከናቸው።

ኦሃዮ በዚያው ሰሞን ነዳጅ ጭና ስኮትላንድ ክላይድ ወንዝ ደርሳ ነበር። የአሜሪካ መርከበኞቿ ጭነታቸውን አራግፈው ወደ አገራቸው እንመለሳለን ሲሉ መርከቧ ለእንግሊዝ የጦር ጊዜ ትራንስፖርት ሚኒስቴር እንድትተላለፍ ተወሰነ። በጁላይ ወር የአሜሪካ ባንዲራ ወርዶ የእንግሊዝ የንግድ መርከብ ባንዲራ ተሰቀለ። አስተዳደሯ ለኢግል የነዳጅና መርከብ ኩባንያ፣ አዛዥነቷ ለካፒቴን ዱድሊ ሜሰን ተሰጠ። ከ77ቱ ሰዎቿ 24ቱ መድፍና መትረየስ የሚይዙ የባሕር ኃይልና የምድር ጦር ወታደሮች ሲሆኑ፣ የቀሩት ደመወዝተኛ የንግድ መርከበኞች ነበሩ። ይህ ሊሰመርበት ይገባል፤ በብዙ ትረካ ውስጥ የጦር መርከቦቹ ስም ጎልቶ እነዚህ ሰዎች «ሠራተኞቹ» ተብለው ይታለፋሉና። የኬንታኪ እጣ እንዳይደገም ሞተሯ በጎማ ላይ እንዲያርፍ ተደረገ፣ የእንፋሎት ቧንቧዎቿም በብረት ስፕሪንግና በእንጨት ተደገፉ።

ኦሃዮ የአውሮፕላን ቤንዚን ጭና ነበር የሚለው ወሬ የተለመደ ቢሆንም ልክ አይደለም። የጫነችው 11,500 ቶን ገደማ ነጭ ጋዝ፣ ናፍጣና የመርከብ ነዳጅ ነው። ቤንዚኑ በጣሳ በጣሳ ተደርጎ በሌሎቹ ጭነት መርከቦች ላይ ተከፋፍሎ ነበር። ይህ አከፋፈል በኋላ «ዋይማራማ» በተባለችው መርከብ ላይ ያደረሰው ይታወቃል፤ በቦምብ ስትመታ ባሕሩ ራሱ ነደደ፣ ከ100 በላይ ከነበሩት ሰዎቿም ሰማንያዎቹ አለቁ።

14 የንግድ መርከቦች ያሉበት ቅፍለት በብዙ የጦር መርከቦች አጀብ ኦገስት 10 ቀን የጂብራልታርን በር አልፎ ሜዲትራኒያን ገባ። በማግስቱ አውሮፕላን ተሸካሚዋ «ኢግል» በጀርመን ሰርጓጅ ተመትታ በደቂቃዎች ውስጥ ሰጠመች።

ነሐሴ 6 (ኦገስት 12) ምሽት 2 ሰዓት ገደማ የተከሰተው የመላው ዘመቻ ክፉ ሰዓት ነው ማለት ይቻላል። በሬናቶ ፌሪኒ የሚታዘዘው «አክሱም» በአንድ ጊዜ አራት ቶርፒዶ ተኩሶ ሦስት መርከቦችን መታ፤ ክሩዘር የሚባሉትን የጦር መርከቦች «ናይጄሪያ» እና «ካይሮ»ን፣ ኦሃዮንም። ካይሮ ጠፋች፣ ናይጄሪያ ወደ ኋላ ተመለሰች። ከማልታ የሚመጡትን ተዋጊ አውሮፕላኖች በሬዲዮ የሚመሩት እነዚሁ ሁለቱ ስለነበሩ ቅፍለቱ ከሰማይ ለሚመጣው ያለ ጠባቂ ቀረ።

«አክሱም» የሚለው ስም በአጋጣሚ የወጣ አልነበረም። ጣሊያን ኢትዮጵያን በወረረችበት ዘመን የገነባቻቸው የዚህ ዓይነት 17 ሰርጓጆች የምሥራቅ አፍሪካ፣ በተለይ የእኛው አገር ስሞች ተሰጥቷቸዋል፦ አድዋ፣ አላጌ፣ አሸንጌ፣ ደሴ፣ መቀሌ፣ ጎንደር፣ ተምቤን፣ ነገሌ። ከእነዚሁ መካከል ደገሃቡር በዚያው ዕለት ሌሊት በእንግሊዝ አጥፊ መርከብ ተገጭቶ ከነሰዎቹ ሰጥሟል፤ አላጌ ደግሞ ክሩዘሯን «ኬንያ»ን አቁስሏል። አዲስ አበባ ነፃ ከወጣች ከአንድ ዓመት በላይ ሆኗታል፤ ስሞቹ ግን ገና የጣሊያንን ባንዲራ ተሸክመው ይዋጉ ነበር።

ቶርፒዶው ኦሃዮን በግራ ጎኗ፣ ፓምፕ ክፍሉ ላይ ነው ያገኛት። የተከፈተው ቀዳዳ ሰባት ሜትር በስምንት ሜትር ያህል ነው፤ መኪና ያስገባል። እሳት ተነሣ፣ ኮምፓሱ ከጥቅም ውጪ ሆነ፣ ከድልድዩ ሆኖ መሪዋን ማዞርም አልተቻለም። ሰዎቹ እሳቱን አጥፍተው ከኋላ ባለው የአደጋ ጊዜ መሪ እየነዷት፣ «ሌድበሪ» የተባለች አጥፊ መርከብ ከፊት እየመራቻት ሌሊቱን ቀጠሉ።

በማግስቱ አውሮፕላኖቹ እርሷን መርጠው መጡ። ተመትቶ የወደቀ ዩንከርስ 88 የተባለ ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ከፊቷ አረፈባት፣ ቀጥሎ አንድ ዩንከርስ 87 ተከሰከሰባት። (አንዳንዶች የወደቀባት አንድ ብቻ ነው ይላሉ።) ከኋላ በስልክ «አውሮፕላን ወደቀብን» ሲባሉ ካፒቴኑ «ይሄ ምን አላት፣ እኛ ዘንድ ከፊት ለፊት ሌላ ካረፈ ግማሽ ሰዓት ሊሞላው ነው» ብለው መለሱ ይባላል። ብዙም ሳይቆይ በአጠገቧ የሚፈነዱት ቦምቦች ማሞቂያዎቹን አጠፉ፣ ሞተሩም ቆመ። ዋና መሐንዲሱ ጄምስ ዋይልድና ሰዎቻቸው በጨለማ ሊያስነሡት ቢታገሉም አልሆነም።

ከዚህ በኋላ ያለው የመጎተት ታሪክ ነው። አጥፊ መርከቧ «ፔን» ገመድ አሰረችላት፤ መርከቧ ወደ ግራ እየተጠማዘዘች በጠሰችው። ሠራተኞቹ ወርደው እንደገና ወጡ። ፈንጂ ጠራጊዋ «ራይ» መጣች፣ ሌድበሪም ተመለሰች። ከሰጠመችው የቅፍለቱ ጭነት መርከብ «ሳንታ ኤሊሳ» የተረፉ አሜሪካውያን መርከበኞች ሳይቀሩ ወጥተው መትረየስ ያዙ። በመጨረሻ ፔን በቀኝ፣ ሌላዋ አጥፊ መርከብ «ብራምሃም» በግራ ተጠግተው ታሰሩባት፤ የተሰበረ እግር በሁለት እንጨት መሐል እንደሚታሰር ማለት ነው። የመርከቧ ወለል ከውኃው በላይ አንድ ሜትር እንኳ አይሞላም ነበር።

ነሐሴ 9 ቀን (ኦገስት 15) ጠዋት 3 ሰዓት ተኩል ገደማ ቫሌታ ወደብ ገባች። ቀኑ በማልታ ካቶሊኮች ዘንድ የእመቤታችን የዕርገት በዓል ነው፤ እኛ ገና በፍልሰታ ጾም መካከል ነበርን። ሕዝቡ በግንቦቹ ላይ ሆኖ በእልልታና በሙዚቃ ተቀበላት። ማልታውያን ቅፍለቱን እስከ ዛሬ የሚጠሩት «የሳንታ ማሪያ ቅፍለት» ብለው ነው። ከ14ቱ መርከቦች የደረሱት አምስቱ ብቻ ናቸው፤ ከ500 በላይ ሰዎች ሞተዋል።

ነዳጁ ሲቀዳ ኦሃዮ እየሰጠመች ሄዳ የወደቡን ወለል ነካች። ካፒቴን ሜሰን የጆርጅ መስቀል የተባለውን የእንግሊዝ የጀግንነት ሽልማት ተሸለሙ፤ ይህ ለማልታ ደሴት ራሷ በኤፕሪል የተሰጠው ሽልማት ነው።

መርከቧ ጀርባዋ ተሰብሮ ስለነበር ወደ ባሕር አልተመለሰችም። ለሁለት ተከፍላ መጋዘንና የዩጎዝላቪያ ወታደሮች ማደሪያ ሆና አገለገለች። የፊት ግማሿ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 19 ቀን 1946 ከወደብ ተስባ ወጥታ «ቪራጎ» በተባለች የጦር መርከብ መድፍ ተመትታ ሰጠመች። የስም ሰሌዳዋና የመሪዋ ጎማ በቫሌታ የጦርነት ሙዚየም ይገኛሉ። «አክሱም» በዲሴምበር 1943 ግሪክ ጠረፍ ላይ ተቀርቅሮ በራሱ ሰዎች እጅ ወደመ።