ስለ ፓቫሮቲ ሰፈራችን የሚያወራውና እውነታው

ኮዬ ፈጬ፣ ከኮንዶሚኒየማችን ሥር ኳስ የምናይበት ቤት አለ። ቅዳሜ ዕለት ጨዋታው ሳይጀምር አንዱ ልጅ በስልኩ የፓቫሮቲን ድምፅ ከፈተ። ወዲያው ክርክር ተነሣ። እኔ ጣሊያናዊውን የኦፔራ ዘፋኝ ሉቺያኖ ፓቫሮቲን ከልቤ ነው የምወደው፤ ዝም ማለት አልቻልኩም። የሰማሁትን አንድ በአንድ ልመልስ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

«ይሄ እኮ ለዓለም ዋንጫ የተሠራ መዝሙር ነው።»

አይደለም። «ኔሱን ዶርማ» ይባላል፤ «ማንም እንዳይተኛ» ማለት ነው። ጣሊያናዊው የሙዚቃ ደራሲ ፑቺኒ «ቱራንዶት» ለተባለው ኦፔራው፣ ማለትም በዘፈን ለሚተረክ ትያትሩ፣ የጻፈው ነው። ሥራውን ሳይጨርስ በ1924 ሞተ፤ ኦፔራው መድረክ ያየው በ1926 ነው። ፓቫሮቲ ያኔ አልተወለደም። በታሪኩ አንዲት ልዕልት የእንግዳውን ልዑል ስም እስክታውቅ ድረስ ከተማው እንዳይተኛ ታዛለች። ልዑሉ ደግሞ «ሲነጋ አሸንፋለሁ» እያለ ይዘፍናል። ቢቢሲ የ1990ውን የጣሊያን ዓለም ዋንጫ ሲያስተላልፍ ፓቫሮቲ በ1972 የቀዳውን መግቢያ አደረገው። ከኳስ ጋር የተዛመደው በዚህ ነው።

«ኦፔራ የሀብታም ልጅ ሥራ ነው።»

አባቱ ዳቦ ጋጋሪ ነበር። ይህን ስል ጎናችን ካለው ዳቦ ቤት የሚሠራው ልጅ ስልኩን አስቀምጦ ዞረ። አዎ፣ ዳቦ ጋጋሪ! እናቱ ደግሞ የትምባሆ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበረች። ፓቫሮቲ በ1935 ሞዴና ከተማ ተወለደ። ልጅ ሆኖ ሕልሙ የእግር ኳስ በረኛ መሆን ነበር። አድጎ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ሆነ፤ ኢንሹራንስም ሸጧል።

«እሱ የተሰጠው ነው እንጂ አልተማረም።»

በጣም ያንገበገበኝ ይሄ ነው። ፓቫሮቲ በ19 ዓመቱ አሪጎ ፖላ የሚባል ዘፋኝ ዘንድ ትምህርት ጀመረ። ቤተሰቡ ገንዘብ እንደሌለው ስላወቀ ፖላ በነፃ አስተማረው። ቀጥሎ ወደ ሌላ መምህር፣ ወደ ካምፖጋሊያኒ ሄደ። በነዚያ ዓመታት ያገኘው መድረክ ትንንሽ ከተሞች ነበሩ፤ አብዛኛው ያለ ክፍያ። መሐል ላይ የድምፅ አውታሩ ላይ እብጠት ወጣበት። አንድ ኮንሰርት ክፉኛ ተበላሸበትና መዝፈን ሊተው ወሰነ። እብጠቱ ጠፋለት፤ ቀጠለ። ሚያዝያ 1961 ላይ ነው ሬጆ ኤሚሊያ ከተማ ውስጥ በሙሉ ኦፔራ መጀመሪያ የታየው። ከ1954 እስከ 1961 ቁጠሩ፤ ሰባት ዓመት። ቅዱስ ያሬድ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ያያት ትል ትዝ አለችኝ፤ ስድስት ጊዜ ወድቃ በሰባተኛው የወጣችው።

ከዚያም በኋላ መማሩን አልተወም። በ1965 ከኦፔራ ዘፋኟ ከጆን ሰዘርላንድ ጋር አውስትራሊያ ሲዞር፣ እንዴት እንደምትተነፍስ ለማወቅ እጁን ጎኗ ላይ እያደረገ ይመረምር ነበር። በ1972 ኒውዮርክ፣ ሜትሮፖሊታን ኦፔራ ውስጥ ከፍተኛ «ዶ» የሚባለውን እጅግ ቀጭን ድምፅ በአንድ ዘፈን ዘጠኝ ጊዜ ሲያወጣ አዳራሹ ያበደው ያ ትንፋሽ ተሠርቶ ስላለቀ ነው።

«ያለ ማይክ እንዴት ይሰማል? ውሸት ነው።»

ኦፔራ ቤት ውስጥ ያለ ማይክ ነው የሚዘፈነው። የሠለጠነ ድምፅ በ3,000 ኸርዝ (በሴኮንድ 3,000 ንዝረት) አካባቢ ይጠነክራል፤ የኦርኬስትራው ድምፅ ደግሞ እዚያ ይሳሳል። ስለዚህ ጆሮ ለይቶ ይሰማዋል። ሜዳ ላይ፣ ከሌሎቹ የኦፔራ ዘፋኞች ከዶሚንጎና ከካሬራስ ጋር ሲዘፍን ግን ማይክ ነበረው። ውፍረቱ ነው ድምፁን ያመጣው የሚለው ደግሞ ባዶ ወሬ ነው።

«እስከ መጨረሻው በቀጥታ ዘፍኗል።»

ይሄን ያሉት ሁላችንም የምናከብራቸው አንድ ጋሼ ናቸው። ጋሼ፣ የ2006ቱ የቱሪን ክረምት ኦሊምፒክ መክፈቻ ላይ የሰማነው ቀድሞ የተቀዳ ነበር። ብርዱ ከባድ ነው፣ እሱም ሕመም ላይ ነበር። በዚያው ዓመት የቆሽት ካንሰር ተገኘበት፤ መስከረም 2007 እዚያው ሞዴና በ71 ዓመቱ አረፈ። ቀብሩ ላይ ካቴድራሉ ውስጥ አንድ አሮጌ ቅጂ ተከፈተ። ፓቫሮቲ ከዳቦ ጋጋሪው አባቱ ጋር አብረው የዘመሩት ነው።