ኦፒስቶኮንት ምንድን ነው? እንጉዳይና ዳክዬ የሚጋሩት ስም

የደረቀ ግንድ አለ። ግንዱ ላይ ኦይስተር እንጉዳይ በቅሏል። አጠገቡ ካለው ሐይቅ ላይ ደግሞ ቢጫ መንቁር ዳክዬ ይንሳፈፋል። የእንጉዳዩ የቅርብ ዘመድ ማን ነው? ግንዱ ወይስ ዳክዬው?

ብዙዎቻችን ግንዱን እንላለን። እንጉዳይ ከቦታው አይነቃነቅም፤ የሚሸጠውም ከጎመንና ከካሮት ጎን ነው። መልሱ ግን ዳክዬው ነው።

እንጉዳይ ከፈንገሶች ወገን ነው። እንስሳትንና ፈንገሶችን አንድ ላይ የሚጠራው ስም ኦፒስቶኮንት ይባላል። ቃሉ ከግሪክ የመጣ ነው። «ኦፒስቶ» ኋላ፣ «ኮንቶስ» ደግሞ ዘንግ ማለት ነው። ነገሩ ስለ ጅራት ነው። የዚህ ወገን ዋናተኛ ሕዋሳት ከኋላቸው ባለች አንዲት ጅራት እየተገፉ ይሄዳሉ። የዳክዬው የወንድ ዘር የሚዋኘው እንዲህ ነው። ውኃ የሚወዱ አንዳንድ ፈንገሶችም እንዲሁ። ኦይስተር ግን ጅራቱን ከጣለ ቆይቷል፤ ዘሩን ለነፋስ ነው የሚሰጠው።

ዝምድናው ጓዳቸው ውስጥም ይታያል። ድንች ትርፍ ስኳሩን በስታርች መልክ ያከማቻል። እንጉዳይ ግን በግላይኮጅን መልክ ነው፤ ዳክዬውም ጉበቱ ውስጥ የሚያስቀምጠው ይህንኑ ነው።

አበላል ላይ ይለያያሉ። ዳክዬ ውጦ ሆዱ ውስጥ ይፈጫል። እንጉዳይ ሆድ የለውም። እኛ የምናየው ጃንጥላ ፍሬው ብቻ ነው፤ ዋናው አካሉ እንደ ክር ሆኖ ግንዱ ውስጥ ተሰራጭቷል። ክሩ ኢንዛይም ያመነጫል፣ እንጨቱን እዚያው ያሟሟዋል፣ ከዚያ ይመጠዋል። እንጨትን እንጨት ያሰኘው ሊግኒን እንኳ አያስቸግረውም።

ሳይንቲስቶችም ድሮ እንደኛ ነበሩ። ስዊድናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ሊኔየስ ፈንገሶችን ከዕፅዋት ጋር ደመራቸው። አሜሪካዊው የሥነ ምህዳር ተመራማሪ ሮበርት ዊታከር በ1969 እ.ኤ.አ. ለብቻቸው መደባቸው። በ1993 የወጡ የዘረመል ንጽጽሮች ደግሞ ወደ እንስሳት አስጠጓቸው። የሥጋ ዘመድ ናቸው ቢባልም የጋራ ቅድመ አያታቸው ከሞተ ወደ አንድ ቢሊዮን ዓመት ይሆነዋል።

«ታዲያ እንጉዳይ ለጾም ይሆናል?» የሚል አይጠፋም። አይዟችሁ፣ ጾም በዘር ሐረግ አይቆጠርም። የማይጾመውስ ራሱ ኦይስተሩ ነው። ለማደግ የሚያስፈልገው ናይትሮጅን እንጨት ውስጥ በጣም ጥቂት ስለሆነ፣ የሚጠጉትን ጥቃቅን ትሎች በመርዝ ያሽመደምዳል። ከዚያ ክሩን ሰውነታቸው ውስጥ አስገብቶ ይበላቸዋል።